ከአርዴሽ ዳገት ላነሳችሁኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ለማውቃችሁም፣ ስማችሁን እንኳ ሳልጠይቅ ለተለያየኋችሁም። በሐምሌ ወር በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ተራራማው አርዴሽ ውስጥ ከብስክሌት ወድቄ አጥንቴ ተሰብሮ ነበር። አሁን ድኛለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ያን ቀን ያቋረጥኩትን መንገድ ከጓደኞቼ ጋር ጨረስኩት። ከዚህ በላይ ምስጋናዬን ማሳደር አልፈልግም።

መንገዱን ለማያውቀው ትንሽ ልንገር። ሊዮን ለምንኖር ሰዎች አርዴሽ ለመድረስ መኪና አያስፈልግም። የክልሉ ባቡር ብስክሌት ይጭናል። ታን ሌርሚታዥ ላይ ይወረዳል። ከዚያ ሮን ወንዝን በማርክ ሴጋን የእግረኛ ድልድይ መሻገር ነው። ማዶው ቱርኖን ነው፤ አርዴሽ እዚያ ይጀምራል። ወንዙ ዳር ከባሕር ወለል በላይ 120 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ከዚያ በኋላ ሴን ፌሊሲየን፣ ቀጥሎ ፓያሬስ፣ ከዚያ 920 ሜትር ላይ ያለው የተራራ መተላለፊያ ኮል ዱ ቡይሶን፣ መጨረሻ ላይ ከ1000 ሜትር በላይ የተቀመጠችው ላሉቬስክ። ዳገቱ ረጅም ነው እንጂ ጨካኝ አይደለም። ማርሽ ቀለል አድርጎ፣ ትንፋሽን ጠብቆ የሚወጣ ሰው ይወጣዋል።

እነዚህን ትንንሽ የገጠር መንገዶች በጣም ነው የምወዳቸው። መኪና ብዙም አያልፍባቸውም። የሚያልፈውም ቢሆን ከከተማ ውጭ ከብስክሌተኛ አንድ ሜትር ተኩል እንዲርቅ ሕጉ ያስገድደዋል። በተራራው ጎን ላይ ገበሬዎች በደረቅ ድንጋይ የካቡት እርከን አለ። የኮንሶን እርከን ያየ ሰው እዚህ ሲደርስ እንግድነት አይሰማውም። እርከኑ ላይ ሻቴኝ የሚባል፣ ፍሬው የሚበላ ዛፍ ተተክሏል። ድሮ የዚህ አገር ድሃ ክረምቱን የሚያልፈው በዚህ ፍሬ ነበር። ውሃ ስታጡ ደግሞ አትጨነቁ። የመንደሩን መቃብር ቦታ ፈልጉ። የአበባ ማጠጫ ቧንቧ አይጠፋውም፤ የፈረንሳይ ብስክሌተኞች ሁሉ ኮዳቸውን የሚሞሉት እዚያ ነው። አይጠጣም የሚል ጽሑፍ እንደሌለበት ብቻ እዩ።

ሴን ፌሊሲየን በብስክሌተኞች ዘንድ ትልቅ ስም አላት። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ላርዴሽዋዝ የሚባለው ትልቅ የብስክሌት ጉዞ የሚነሳው ከዚህች ትንሽ ከተማ ነው። ያኔ መንደሮቹ ቤታቸውን፣ አጥራቸውን፣ አሮጌ ብስክሌታቸውን ሳይቀር በቢጫና በወይን ጠጅ ቀለም ያሸበርቃሉ። እኔ በሐምሌ ሳልፍ ቀለሙ ገና አልወረደም ነበር። ብስክሌተኛን እንዲህ የሚወድ አገር መሆኑን ዓይቼ ነው ያለፍኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ በራሴ ደረሰ።

ከላሉቬስክ ወደ ሴን ፌሊሲየን ስመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ከጫካው አንድ ሼቭሮይ ዘሎ ወጣ። እኛ ሚዳቋ የምንላትን የሚመስል የዱር እንስሳ ነው። ፍሬን ያዝኩ። የፊት ጎማው ሸሸ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው አስፋልቱ ጉንጬ ላይ ምን ያህል እንደሚሞቅ ነው። ቀኝ ክንዴ አልታዘዝ አለኝ።

ከኋላዬ ይመጡ የነበራችሁ ሁለት ብስክሌተኞች፣ ያደረጋችሁትን ልጻፈው። አንደኛችሁ ምንም ሳትናገር ወደ ላይ ሮጠህ መታጠፊያው ላይ ቆምክ፤ የሚመጣውን መኪና በእጅህ ታቆም ነበር። ሌላኛህ አጠገቤ ተንበረከክህ። ሄልሜቴን አልነካህም፤ አንገቴን እንዳላንቀሳቅስ ብቻ ነገርከኝ። ጃኬትህን አለበስከኝ። 112 ደወልክ። የት ናችሁ ሲሉህ ቁልቁል ሄደህ ከመንገዱ ዳር ያለውን አናቱ ቢጫ የሆነ ድንጋይ አነበብክላቸው፤ የመንገዱን ቁጥርና ኪሎ ሜትሩን። እኔ ያንን ድንጋይ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ፣ ለዚህ ይጠቅማል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከዚያ እንዳልተኛ ወሬ ጀመርክ። ከየት ነሽ አልከኝ። ኢትዮጵያ ስልህ ወዲያው «ጽጋቡ ግርማይ!» አልክ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበውን የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ አንድ የአርዴሽ ሰው በስሙ ሲጠራው መስማት በዚያ ሁኔታ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ልነግርህ አልችልም። ሕመሙን ለጥቂት ደቂቃ ረሳሁት።

ከታች ካለው ቤት የመጡት እናት፣ ፍየል የሚያረቡት፣ እርስዎንም አልረሳሁም። ከእነ ሽርጥዎ፣ እጅዎ ገና ወተት ወተት እየሸተተ፣ ጃንጥላ ይዘው ሮጡ። ዝናብ አልነበረም። ፀሐዩ ፊቴን እንዳያቃጥለኝ ነው። አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ ክንድዎ ሳይዝል ጃንጥላውን ይዘው ቆሙ። ብስክሌቴንም ጎተራዎ ውስጥ አስቀመጡልኝ። ባለቤቴ ሊወስደው ሲመጣ ጎማውን አሳጥበው፣ አንድ ከረጢት አይብ ጨምረው ነው የሰጡት። እድሜ ይስጥልኝ፣ እናቴ።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ፣ ፖምፒዬዎቹ፣ ቶሎ ደረሱ። ብዙዎቻችን እዚህ አገር ዓመታት ኖረንም የማናውቀው ነገር አለ። ከፈረንሳይ ፖምፒዬዎች ከአምስቱ አራቱ ያህል በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እንደ ሌላው ሰው የየራሳቸው ሥራ አላቸው። እኔን ካነሱኝ አንዷ ጠዋት ዳቦ ስትጋግር የዋለች ሴት ነበረች፤ ክንዷ ላይ ዱቄት ነበር። ጥሪ ሲመጣ ሥራዋን ጥላ ነው የመጣችው። ክንዴን ስታስረው እያንዳንዱን ነገር ከማድረጓ በፊት ትነግረኝ ነበር፤ አሁን አነሳዋለሁ፣ አሁን ትንሽ ያምሻል። የነገረችኝ ሁሉ እንዳለችው ሆነ። ሰው በዚያ ሰዓት ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል?

የአጥንት ሐኪሞቹንና ነርሶቹን አመሰግናለሁ። ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት ነው የተሰበረው፤ ብረት ገብቶለት በደንብ ገጥሟል። ሌሊት ደወል ስጫን አንድም ቀን ፊት ሳትነሳኝ ለመጣችው ነርስ የተለየ ምስጋና አለኝ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ የሊዮን ሐበሾች። ምን ልበላችሁ! ከሆስፒታል የወጣሁ ዕለት ቤቴ ሰው በሰው ነበር። «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ» ያላለኝ የለም። የቅልጥም መረቅ ፍሪጄን ሞላው። አንዷ ተልባ፣ አንዷ ገንፎ፣ አንዱ ደግሞ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ያስመጣውን ቅቤ። ልጆቼን ትምህርት ቤት ያደረሳችሁልኝ፣ ፀጉሬን በአንድ እጄ መሥራት አቅቶኝ ሹሩባ የሠራችሁኝ፣ ለእማዬ ደውላችሁ በጥንቃቄ፣ ሳታስደነግጡ የነገራችሁልኝ፣ ውለታችሁን እንዴት ልክፈል? «ከእንግዲህ ብስክሌት የሚባል ነገር ይቅርብሽ» ያላችሁኝ ጋሼዎችና እትዬዎችም ከፍቅር እንዳላችሁኝ አውቃለሁ። አልተውኩትም፤ ግን ምክራችሁን ሳከብር ነው የምኖረው።

እንድመለስ ያደረጉኝ የብስክሌት ጓደኞቼ ናቸው። ሐኪሙ ፈቅዶልኝም ቁልቁለት ስፈራ ነበር። እጄ ፍሬኑን ሳይለቅ ይደነዝዝ ነበር። አንዳቸውም አይዞሽ ምንም የለም ብለው አላቃለሉብኝም። እሁድ እሁድ በትንንሽ ኮረብታ እየወሰዱ፣ ከፊቴ ቀስ ብለው እየወረዱ አለማመዱኝ። ቅዳሜ ዕለት፣ በጥቅምት ብርድ፣ የሻቴኝ ፍሬው መንገዱ ላይ ረግፎ፣ የወደቅኩባት ቦታ ስንደርስ ማንም አልቆመም፤ እንዳንቆም የጠየቅኳቸው እኔ ነበርኩ። አብረን ወረድን። ሴን ፌሊሲየን ካፌ ገብተን ትኩስ ቸኮላት ስንጠጣ ነው ያለቀስኩት።

እግረ መንገዴን ስለ አንድ ሰው ላንሳ። በዚያ ተራራ ላይ 911 ሜትር ከፍታ ያለው መተላለፊያ በሮበር ማርሻን ስም ተሰይሟል። ማርሻን እ.ኤ.አ. በ2017፣ በ105 ዓመቱ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ 22.547 ኪሎ ሜትር የጋለበ ሰው ነው። በወጣትነቱ ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ፖምፒዬ ነበር። አልጋ ላይ ሆኜ ይህን ሳነብ ልቤ ሞቀ። እኔ በ105 ዓመት ባልደርስም፣ ልጆቼ ለአቅመ ዳገት እስኪደርሱ ግን መጋለብ እፈልጋለሁ።

ይህንኑ ደብዳቤ በፈረንሳይኛ ጽፌ ለመንደሩ ማዘጋጃ ቤት ልኬያለሁ። የጃኬቱ ባለቤት፣ ታጥቦ ተተኩሶ እዚያው ተቀምጦልሃል። የእሳት አደጋ ጣቢያው ኅዳር ላይ የቀን መቁጠሪያ ለመሸጥ ሲዞር፣ አርዴሽ ያላችሁ ወገኖቼ በሩን ሲያንኳኩ አደራ፣ ግዙላቸው።

መጀመር የምትፈልጉ እህቶች ደግሞ ጻፉልኝ። ከዳገት አንጀምርም። ከታን ተነስተን በቪያ ሮና፣ ወንዙን ተከትሎ በሚሄደው ሜዳማ የብስክሌት መንገድ፣ ቀስ ብለን እንሄዳለን። ሄልሜት ያላገኘች እኔ ጋ ትርፍ አለ።

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ክፉ አይንካችሁ።