ሌባው ሲፈለግ የተራበው አይቀጣ

ለተባበሩት መንግሥታት የዓለም የምግብ ፕሮግራም
ዋና ዳይሬክተር ጽሕፈት ቤት
ሮም

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

በአማርኛ የምጽፍልዎ ሆን ብዬ ነው። አዲስ አበባ ያለው ቢሮዎ አስተርጓሚ አያጣም። ወደ ቋንቋው ጉዳይ ኋላ እመለሳለሁ።

ነገሬ ስለ ዋና ኢንስፔክተር ጽሕፈት ቤታችሁ ነው። ስርቆትና ማጭበርበር ሲኖር የሚመረምረው እሱ ነው። በሥራው ነጻ ነው፣ ለቦርዱም በየዓመቱ ሪፖርት ያቀርባል። ተጠሪነቱ ግን ለእርስዎ ነው። የሚመረምረው ደግሞ እርስዎ የሚመሩትን ቤት።

በሚያዝያ 2015 በትግራይዋ ሸራሮ ከተማ ለ100 ሺህ ሰው የሚበቃ እህል መጥፋቱን አሶሺዬትድ ፕሬስ ዘገበ። ከዚያ እናንተም የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት የነበረው ዩኤስኤአይዲም መጀመሪያ በትግራይ፣ በሰኔ መጀመሪያ ደግሞ በመላ አገሪቱ እርዳታ አቆማችሁ። ወደ 20 ሚሊዮን ሰው እርዳታ በሚጠብቅበት ሰዓት ማለት ነው። እህሉ በስፋት መመለስ የጀመረው በኅዳርና በታኅሣሥ 2016 ነው።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉታል እኛ ጋ። እህሉን በመኪና የጫነ ሌላ፣ ጦሟን ያደረች ሌላ። በጥር 2016 የኢትዮጵያ ዕንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይና በአማራ ወደ 400 የሚጠጋ ሰው በረሃብ መሞቱን ተናገረ። ሁሉንም በእርዳታው መቆም አላሳብብም፤ ድርቅም ነበር፣ ከጦርነትም ገና መውጣታችን ነበር። ግን ምርመራው ቀድሞ ቢጀመር ኖሮ ሁሉንም በአንዴ መዝጋት ያስፈልግ ነበር ወይ?

ቀድሞ ለመጀመር ደግሞ አገሩን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። የእርዳታ ጆንያ ገበያ ላይ ማየት ብቻውን ምንም አይደለም። ባዶው ጆንያ በየቤቱ አለ፤ ጤፍም ከሰልም እንሞላበታለን። ሙሉውም ቢሆን ይለያያል። አንዲት እናት ከደረሳት ስንዴ አምስት ኪሎ ሸጣ የወፍጮና የጨው ብትከፍል ሌባ ናት? እኔ አልላትም። አንድ ነጋዴ መጋዘኑን እስከ ጣራው ከሞላ ግን ሌላ ወሬ ነው። ይህን ልዩነት የሰፈሩ ልጅ በአንድ ዓይን ያውቀዋል። ለማን ይንገር? የተረጂ ዝርዝር የሚያወጣው ኮሚቴ እዚያው ቁጭ ብሏል። ጠቁሞ ስሙ ከዝርዝር ቢወጣስ?

ስለዚህ ጥቆማ ተቀባዩ ከእህል አዳዩ ይለይ። ስልኩን የሚያነሳው መርማሪው ይሁን፣ በትግርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም በአማርኛም። ጠቋሚው ራሽኑ እንደማይነካ በጽሑፍ ይነገረው።

ቀጥሎ ውጤቱ። የኦዲት ሪፖርቶቻችሁን ድረ ገጻችሁ ላይ ታወጣላችሁ፣ ጥሩ ነው። የምርመራ ሪፖርት ግን በመደበኛው አሠራር አባል አገራት ሲጠይቁ የሚያዩት እንጂ ለሕዝብ የሚወጣ አይደለም። ስም ይፋ አይሁን፣ እስማማለሁ። ግን ስንት ኩንታል ጠፋ፣ በየት በኩል ወጣ፣ ምን ተደረገ የሚል አንድ ገጽ በየማከፋፈያው ጣቢያ ቢለጠፍ ምን ይጎዳል? ወራት ያለ እህል የቆየ ሰው ይህን መጠየቅ አይበዛበትም።

ተጠሪነቱን በተመለከተ አንድ ነገር ላስታውስዎ። በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. የዩኤስኤአይዲ ዋና ኢንስፔክተር ፖል ማርቲን አንድ ሪፖርት አወጡ። 489 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የእርዳታ ምግብ ለብልሽትና ለስርቆት ተጋልጧል የሚል ነበር። በማግሥቱ ከሥራ ተባረሩ። በዚያው ዓመት ዩኤስኤአይዲ ራሱ ፈረሰ። ከውጭ ሆኖ ያያችሁ የነበረ አንድ ትልቅ ዓይን ጠፋ ማለት ነው። የእናንተው መርማሪ በጀቱም ሥራው የሚገመገምበትም መንገድ ከእርስዎ ቢሮ ወጥቶ በ36ቱ አገራት ቦርድ እጅ ቢገባ ደስ ይለኛል። እርስዎን ጠርጥሬ አይደለም። ከእርስዎ በኋላ ማን እንደሚመጣ አላውቅም።

መልስዎን በየትኛውም ቋንቋ እቀበላለሁ። ሸራሮ ላይ ግን በትግርኛ ይለጠፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ