አመክሮ ይፈቀድ ማለት ይፈታ ማለት አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

አሜሪካ ውስጥ ልጅ እያሉ ወንጀል ሰርተው ያለ አመክሮ ዕድሜ ልክ ስለተፈረደባቸው ሰዎች በተወራ ቁጥር "እና ገዳይ ይፈታ ነው የምትሉት?" የሚል አይጠፋም። ኧረ አይደለም! ታሳሪው ተለውጦ እንደሆነ የሚያየው የአመክሮ ቦርድ ፊት ቀርቦ ይታይ ነው የምንለው፣ ቦርዱ አልተለወጠም ካለ እዛው ይቆያል።

የሄንሪ ሞንትጎመሪን ጉዳይ እዩ። እ.ኤ.አ. በ1963 ሉዊዚያና ውስጥ በ17 ዓመቱ ምክትል ሸሪፍ ገድሎ ታሰረ፣ በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ድሮ በልጅነታቸው ይሄ ቅጣት የተፈረደባቸውም ለአመክሮ ይታዩ ብሎ ወሰነለት፣ ግን የአመክሮ ቦርዱ ሁለቴ ከልክሎት የወጣው በ2021 ነው፣ በ75 ዓመቱ። እስቲ ይሄ ወንጀለኛን ማቀማጠል ነው?

እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ደሞ ሚለር በሚባለው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ2012 ውሳኔ አብሮ የታየው የአርካንሶው ልጅ ነገር ነው። ገና 14 ዓመቱ፣ ከሁለት ልጆች ጋር ቪዲዮ ቤት ሊዘርፉ ሲሄዱ አንደኛው ኮቱ እጅጌ ውስጥ ጠመንጃ መደበቁን ያወቀው መንገድ ላይ ነው፣ መጀመሪያ ውጪ ቀረ፣ በኋላ ገባ፣ ያኛው ልጅ ሻጯን ተኩሶ ገደላት። ያልተኮሰውም ዕድሜ ልክ ያለ አመክሮ ተከናነበ፣ ሕጉ ለዳኛው ሌላ ምርጫ አልሰጠውማ! ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለ አስገዳጅ ቅጣት ለልጅ አይሆንም ያለው ያኔ ነው።

በ2021 ግን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች ጆንስ በተባለ በልጅነቱ በተፈረደበት ሰው ጉዳይ 6 ለ3 ወሰኑና ቅጣቱን የሚፈርደው ዳኛ ምርጫ እስካለው ድረስ ልጁ መቼም እንደማይለወጥ ማረጋገጥ የለበትም አሉ። ወደ ኋላ መመለስ ነው ባይ ነኝ። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀፅ 37 ይሄን ቅጣት በግልፅ ይከለክላል፣ ከተመድ አባል አገራት ያላፀደቀችው አሜሪካ ብቻ ናት፣ በ1995 ፈርማ እንደተወችው አለች።

የሟች ቤተሰብስ? ልጁን የተነጠቀ ሰው የገዳዩን ስም መስማት አልፈልግም ቢል ማን ይፈርድበታል፣ ለቦርድ እየተጠሩ ቁስል መነካካትም ቀላል አይደለም፣ ይሄን አቃሎ ማለፍ ነውር ነው። ቀድሞ ይነገራቸው፣ አጠገባቸው የሚቆም ባለሙያ ይመደብ፣ መቅረብ ያልፈለገ በፅሁፍ ይናገር። በ14 ዓመቱ ያጠፋን ልጅ በ40 ዓመቱ ዞር ብሎ ላለማየት ግን ምክንያት አይሆንም።

ከግማሽ በላይ ግዛቶች ቅጣቱን ለልጆች ከልክለዋል፣ ጥሩ ነው። ግን ዕድሜ ልክ ሳይሉ 80 እና 100 ዓመት የሚፈርዱ ዳኞች አሉ፣ ክልከላው ይሄንንም ካላካተተ ልጁ ያው እስር ቤት ነው የሚሞተው።

አክባሪያችሁ