ያቺ 24 የት ገባች?

ቢቸና፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ጤፉ አሽቷል፤ አያትህንም ጉንፋኑ ለቀቃቸው።

አጎትህ ሱቅ ቁጭ ብለህ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ እስኪወጣ የካልኩለስ ቪዲዮ ማየት እንደጀመርክ እህትህ ነገረችኝ። ጉጉትህ ደስ አለኝ፤ ግን ለጊዜው ተወውና አልጀብራህን ፈትሽ። ካልኩለስ ላይ የሚወድቅ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በዘጠነኛ ክፍል ትምህርት ነው።

የራሴን ልንገርህ። ኮሌጅ ገብቼ የመጀመሪያውን ፈተና ከ20ው 6 አመጣሁ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ወረቀቱን ባገላብጠው ስሕተቱ ሁሉ አንድ ነው፤ (ሀ + ለ)²ን ሀ² + ለ² እያልኩ ነበር የፈታሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አልነቃብኝም፣ እኔም ጭምር።

ቁጥር አግባበትና እየው። (3 + 4)² ማለት 7² ነው፤ 49። 9 እና 16 ቢደመሩ ግን 25 ናቸው። 24 የት ገባች? ጓሯችንን አስብ። አጥሩ 7 እርምጃ በ7 እርምጃ ይሁን። በአንዱ ጥግ 3 በ3 የሆነ ጎመን፣ በሰያፍ ፊት ለፊቱ ባለው ጥግ 4 በ4 የሆነ ድንች አለ። ነጭ ሽንኩርቱና ጤና አዳሙ የያዟቸው ሁለት መደቦች ይቀራሉ፤ እያንዳንዳቸው 3 በ4። የጠፋችው 24 እነሱ ዘንድ ናት።

ይህች ስሕተት ካልኩለስ ውስጥ የምታደርገውን ደግሞ ተመልከት። የኤክስ² ኩርባ 3 ላይ ሲደርስ ዳገቱ ስንት ነው ቢሉህ፣ ከ3 በሀ ያህል እልፍ ትልና ((3 + ሀ)² − 9) ÷ ሀ ብለህ ትጽፋለህ። በደንብ ከዘረዘርከው 6 + ሀ ይወጣል፤ ሀ ወደ ዜሮ ሲጠጋ 6። እንደ እኔ ከዘረዘርከው ግን ሀ ብቻውን ይቀርና ዳገቱ ዜሮ ነው ትላለህ። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለውን መንገድ ሜዳ ነው እንደማለት!

ሎጋሪዝም አያሰጋህም። ደብተርህን አይቼዋለሁ፤ የሚጥልህ ክፍልፋይ ነው። (ኤክስ + 3) ÷ ኤክስ ላይ ኤክሱን ከላዕልና ከታሕት ሰርዘህ 3 ብለሃል። የሚሰረዘው ተባዢ እንጂ ተደማሪ አይደለም። −2ኤክስ < 6 ላይም በ−2 ስታካፍል ምልክቱን ሳትገለብጥ አልፈሃል።

አያትህ ባለፈው ባሕረ ሐሳብ፣ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ሲያወጡ አጠገባቸው ነበርኩ። የዘንድሮው ወንበር፣ ማለትም የስሌቱ መነሻ ቁጥር፣ 12 ነው። በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም ለ30 ተካፍሎ ትርፉ ሲያዝ፣ አበቅቴ የሚባለው ቁጥር 12፤ በ19 ሲባዛ 228፣ ሲገደፍ መጥቅዕ የሚባለው 18። «ሁልጊዜ ሲደመሩ 30 ናቸው» አሉኝ። ለምን ብላቸው «ሥርዓቱ ነዋ!»። ወንበሩን ወ ብዬ 11ወ + 19ወ ጻፍኩ፤ 30ወ ሆነ። 30ወ በ30 ሲገደፍ ምን ይተርፈዋል? ምንም። እያንዳንዱ ትርፍ ደግሞ ከ30 ያንሳል፤ እንግዲያው ወንበሩ ዜሮ ካልሆነ በቀር ሁለቱ ትርፎች 30 መሙላታቸው ግድ ነው። ወረቀቱን አሳየኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና «አንቺ ይህን ከየት አመጣሽው?» አሉኝ። ከዘጠነኛ ክፍል ነው አባቴ፣ አልኳቸው።

የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፉን ከበሶው ጋር በሰው ልኬልሃለሁ። ካልኩሌተር አትንካ። በቀን 10 ጥያቄ ይበቃሃል፤ የሳትከውን በቀይ አክብብና ከሦስት ቀን በኋላ መልሱን ሳታይ እንደገና ሥራው። ያገኘኸውን ለአጎትህ አሳየው፤ ለእኔ ቀይ የተከበበውን ብቻ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።

እናትህ