ለልጄ፦ ስለ ጓሮው ሣር

ልጄ፣ እንኳን ተወለድሽ። ዛሬ ገብርኤል ነው። አክስትሽ ዝክሩን አውጥታ ስምሽን ስትጠራ ዋለች። እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴም እንደለመደው ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ጓሮው ላይ ለጎልፍ መለማመጃሽ ሰው ሰራሽ ሣር ለሚያነጥፈው ልጅ ቀብድ ልከሽለታል አሉ። ማን ነገረህ አትበይኝ፣ ወንድምሽ ምስጢር እንደማይቋጥር ታውቂያለሽ።

ልጁ ትናንት ሜትር ይዞ መጣ። ጓሮውን 4 በ8 ለካ። «አባባ፣ አፈሩን ደልደል አድርገን ምንጣፉን ማልበስ ነው፣ ለጥምቀት ያልቃል» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ከዘራዬን መሬቱ ስንጥቅ ውስጥ ሰደድኩት፣ እስከ ግማሹ ገባ። ሳቀ። ይሄ ዋልካ ነው እኮ! አዘዞ ላደገ ሰው አይነገርም። በበጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲገባ ያብጣል። ላዩ ላይ ያለው ነገር ሁሉ አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። ኳስሽ ጉድጓዱን ትታ ዶሮ ቤት ነው የምትገባው።

ለውሃው መውጫ ሳታበጂ ምንጣፉን እንዳታስነጥፊ።

ጎልፍ አላውቅም፣ መሬት ግን አውቃለሁ። የላክሽልኝን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። ሣሩን ያነጠፉት መጨረሻ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ሲሠሩ የዋሉት የመንገድ ሥራ ነው። እንግዲህ ስሚኝ። ዋልካው ግማሽ ሜትር ተቆፍሮ ይውጣ። ከአንድ ሲኖ መኪና በላይ ነው የሚሞላው፣ የት እንደሚደፋው ከአሁኑ ይናገር። ምትኩ ገረጋንቲ፣ ያ ጠጠር የተቀላቀለበት የመንገድ አፈር፣ ይግባ፣ በአንዴ ሳይሆን በየ15 ሳንቲሙ ውሃ እየጠጣ ይጠቅጠቅ። በላዩ 10 ሳንቲም የክሬሸር ጠጠር፣ ከዚያ የጠጠሩ ብናኝ በስሱ። ሁሉም ወደ ታችኛው ቦይ ያዘንብል፣ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲም ይበቃል። በውሃ ልክ ይለካ እንጂ በዓይን አይገመት። ጣሪያው ላይም አሸንዳ ይደረግ። የቆርቆሮው ውሃ ምንጣፍሽ ላይ ከወረደ በሣሩ መሃል የሚበተነውን አሸዋ ጠርጎ ይሄዳል።

ልጁ ኳሷ የምትገባባትን ጉድጓድ ረስቷታል። ስፋቷ 10.8 ሳንቲም ነው ብለሽኝ ነበር፣ ጽፌ ይዣለሁ። ከሥሯ ጠጠር ካልተሞላ በሐምሌ የእንቁራሪት ቤት ትሆናለች። እሷም መውጫ ትፈልጋለች።

ውሃ ውሃ የምለው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ግንቡ የወደቀበትን ክረምት አንቺ አታስታውሺውም፣ ግን ስንቴ ሲወራ ሰምተሻል። ከላይ ያለው ጎረቤት ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ አለበሰና መውጫ ሳይተውለት ቀረ። ውሃው የት ይሂድ? ወደ እኛ። ሌሊት ግንቡን ገፍቶ የእናትሽ ጌሾ ላይ ጣለው። እሷ አንቺን አቅፋ በጨለማ ወጣች፣ አንድ እግሯ ባዶውን። እኔ ያን ሰሞን ሊማሊሞ ላይ ነበርኩ፣ ከጓዶቼ ጋር ቦይ እየጠረግን። ጣሊያን የቀደደው ያ መንገድ ገደሉ ላይ የሚቆመው በድንጋይ ግንቡና በውሃ መውረጃው ነው፤ ቦዩ ከተደፈነ መንገድ የለም። እዚያ የመንግሥትን ውሃ ስመልስ እዚህ የቤቴ ውሃ ልጄን ሊወስድብኝ ነበር። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ጌሾውንም መልሳ አልተከለችም። ከዚያ ወዲህ ለጠላ ጌሾ የምትገዛው ከገበያ ነበር። አሁን ሣር ይነጠፍ የምትይው ያችው ቦታ ናት።

ተቆጣሁ መሰለኝ። ሣሩን አልጠላሁትም። ማታ ከሥራ ወጥተሽ ያቺን ኳስ ስትመቺ ሐሳብሽ እንደሚቀልልሽ ነግረሽኛል። እዚህ ስትመጪም ሐሳብሽን የምታሳርፊበት ቦታ ይኑርሽ፣ ምናልባት ሁለት ሳምንት የነበረው ዕረፍት ወር ይሆናል። ልጆችሽም ይሩጡበት። ግን ቡና እዚያ ላይ አይፈላም፤ አንድ ፍም ከወደቀ ፕላስቲኩ ቀልጦ ይቀራል። አክስትሽን አንቺው ንገሪያት፣ እኔን አትሰማኝም። የፋሲካ በግም ከእንግዲህ በፊት ለፊት ይታሰራል።

ለጥምቀት ካልደረሰ ለፋሲካ ይድረስ። አሁን መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፣ ልጁም የተማመነው በዚህ ነው። ሐምሌን አላየም። አደራ፣ ለውሃው መውጫ ሳይበጅ ምንጣፍ የሚባል ነገር እንዳይገባ። ቦዩም ወደ ታችኞቹ ግቢ እንዳይዞር፣ እኛ ላይ የተደረገውን ሰው ላይ አናደርግም። እስከ መንገዱ ቦይ በቱቦ ይሂድ።

ነገ ጠዋት ሠራተኛ ይዞ ይመጣል ብለውኛል። በሩን አልከፍትለትም። ዛሬውኑ ደውይና ቁፋሮውን ከቦዩ ጀምር በይው። ሌላ ብር እንዳትልኪለት፣ ቀሪው የሚከፈለው ጠጠሩ ላይ ሁለት ጀሪካን ውሃ ደፍቼ ወዴት እንደሚሄድ በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው። ስትመጪ የጉልበት ማሰሪያውን አትርሺ፣ ያለፈው ሰፍቶኛል።

አባትሽ