ሪሞት ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ክላየንቱን አፕዴት አድርጉ

ሰላም ለሁላችሁ፣ በሪሞት ዴስክቶፕ (ከርቀት ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ ገብታችሁ) የምትሰሩ ይሄን ሳታነቡ እንዳታልፉ። ብዙ ሰው የሚፈራው ሰርቨሩ እንዳይጠለፍ ነው፣ የሪሞት ዴስክቶፕ መግቢያ የሆነውን ፖርት 3389ን ዘግቶ ፓስወርዱን አጠንክሮ ይተኛል፣ ክላየንቱን (እናንተ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኛችሁን ፕሮግራም) ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ነገሩ በተቃራኒውም ይሰራል እኮ፣ የምትገቡበት ሰርቨር ቀድሞ ተጠልፎ ከሆነ መልሶ እናንተን ሊያጠቃ ይችላል።

እንዴት መሰላችሁ፣ ሰርቨሩ የስክሪኑን ምስል ቆራርጦ ነው የሚልከው፣ ከቁራጩ ጋር ወርዱ ይሄን ያህል ቁመቱ ይሄን ያህል ብሎ ይናገራል፣ ክላየንቱም በዛ ልክ ሜሞሪ ይይዛል፣ እና ሰርቨሩ ዋሽቶ ክላየንቱ ሳያጣራ ካመነው ዳታው ከተያዘለት ቦታ አልፎ ሌላ ሜሞሪ ላይ ይጻፋል። ቢቀል ፕሮግራሙ ክራሽ ያደርጋል፣ ቢከፋ የአጥቂው ኮድ እናንተ ኮምፒውተር ላይ ይሰራል፣ ያውም በራሳችሁ አካውንት። እነ ፍሪአርዲፒ የሚባሉት ክላየንቶች በሲ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ስለተጻፉ ልኩን ቼክ የሚያደርገው ፕሮግራመሩ ራሱ ነው፣ አንድ ቦታ ከረሳ አለቀ። በ2019 ቼክ ፖይንት የሚባለው የሳይበር ደህንነት ኩባንያ የአርዲፒ (የሪሞት ዴስክቶፕ ፕሮቶኮል) ክላየንቶች ላይ በጠቅላላው 25 የደህንነት ቀዳዳ አግኝቶ ነበር፣ ስለዚህ ወሬ ብቻ አይደለም።

ሬሚና የሚባለው የሊኑክስ ክላየንት ያላችሁ ልብ በሉ፣ ከስር የሚሰራው በፍሪአርዲፒ ላይብረሪ ስለሆነ ሬሚናን ብቻ ማደስ ላይበቃ ይችላል፣ ላይብረሪውንም እዩት። ከዛ የተከፈተውን ሴሽን ዘግታችሁ እንደገና ግቡ፣ አለበለዚያ እየሰራ ያለው የድሮው ነው። ክሊፕቦርድና ድራይቭ ሼሪንግ (ኮፒ ያደረጋችሁትንና ፋይላችሁን ከሰርቨሩ ጋር የሚያጋራውን) ካላስፈለጋችሁ አጥፉት። የማታውቁት ሰው የላከላችሁን የአርዲፒ ፋይል (ሲከፈት ከሰርቨር ጋር የሚያገናኝ ፋይል) ደግሞ በጭራሽ እንዳትከፍቱ።