የሬዲዮው ሰዓት ሲደርስ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደሴም እንደምታውቃት ናት፤ የጦሳ ተራራ ጠዋት ጠዋት ጉም ለብሶ ያረፍዳል። ከተጠፋፋን ስንት ጊዜ ሆነን! ዛሬ ግን ከአንተ ሌላ የማላጫውተው ነገር ገጥሞኝ ነው የምጽፍልህ።

በቀደም ልጄ ስልኳ ላይ የወጋየሁ ንጋቱን ትረካ ከፈተችልኝ። ያ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበበት። ሥራዬን ትቼ ቁጭ አልኩ። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ፣ ጉዱ ካሳ ሲናገር፣ ሰብለ ስታዝን፣ ሁሉም አንድ ሰው ነው። አቤት ያ ሰው! ሐዲስ ዓለማየሁ የጻፉትን ስንቱ ማንበብ የማይችል ሰው በእሱ አንደበት አወቀው። እናቴ ፊደል ሳትቆጥር ለበዛብህ አልቅሳለች።

የእናንተ ቤት ትዝ አለኝ። አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሬዲዮው ድንጋይ ሲደክም አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡት ነበር። አራቱን ድንጋይ በመስኮቱ ደፍ ላይ ደርድረው፣ በየመሃሉ እየወጡ ያገላብጧቸዋል። ትረካው እስኪደርስ ዜና እንኳ አይከፈትም። «ይቆጠብ!» ይላሉ። ከዚያ ቡናው ይፈላል፣ ጎረቤቱ ይሰበሰባል። ድምፁ እየሳሳ ሲሄድ ሁላችንም አንገታችንን ወደ ሬዲዮው እንሰግጋለን። ያኔ ያስነጠሰ ሰው ወየውለት!

ደግሞ ደምሴ ዳምጤ! በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተደረገው የሴካፋ ዋንጫ ፍጻሜ ትዝ ይልሃል? ከዚምባብዌ ጋር 1 ለ 1 ሆኖ በመለያ ምት ያሸነፍንበት። ፒያሳ ሱቁ በር ላይ ተሰብስበን፣ ኳሷን ሳናያት በደምሴ ድምፅ እየተከተልናት፣ እያንዳንዷ ምት ስትመታ ትንፋሻችን ቁርጥ ይል ነበር። ዋንጫው የእኛ ሲሆን የማናውቃቸው ሰዎች አቅፈው አነሱን። ዛሬ ጨዋታውን በስንት ካሜራ አያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ያየሁት ጨዋታ የለም።

ቴሌቪዥንማ ሌላ ጣጣ ነበረው። አንተ ጣራ ላይ አንቴናውን ስታዞር፣ እኔ መስኮት ላይ ሆኜ «ተው! ተው! አሁን መጣ! ኧረ ሄደ!» ስል፣ አባባ ተስፋዬ «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ብለው ሰላምታቸውን ጨርሰው ተረቱን ይጀምራሉ። ምስኪን፣ ስንት ጊዜ መግቢያው አመለጠህ!

ማሪቱ ለገሰ በሬዲዮ ስትመጣማ ሰፈሩ ሌላ ይሆናል። ከላሊበላ የኪነት ቡድን፣ ከራሳችን ከተማ የወጣች ልጅ ናት። ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል የእኛው አገር ስም ናቸው። አምባሰሉን ስታወጣው እትዬዎቹ ሲኒውን አስቀምጠው እስክትጨርስ ዝም ይሉ ነበር።

ይህን ሁሉ ሳስብ አንድ ነገር ገባኝ። የናፈቀኝ ሬዲዮው ብቻ አይደለም። ሰዓቱ ነው። ያኔ ካመለጠህ አመለጠህ፤ መልሰህ የምትከፍተው ነገር የለም። ስለዚህ ያልሰማው የሰማውን ይጠይቃል። ወባ ይዞህ የተኛህ ጊዜ ማታ ማታ እየመጣሁ ያመለጠህን ክፍል ስተርክልህ ትዝ ይልሃል? እኔን ሲያመልጠኝ ደግሞ አንተ ከወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት እስከ ሸዋበር እየሄድን፣ የፊታውራሪን ድምፅ እያወጣህ ትነግረኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ ወዳጅነታችን የጸናው በዚያ መንገድ ነው። ልጄ የፈለገችውን በፈለገችበት ሰዓት ታዳምጣለች፤ ደስ ይለኛል። ግን በጆሮዋ የሰካችውን ለማን ትተርከዋለች?

እስቲ ፊታውራሪን አንዴ በድምፅህ ቀድተህ በቴሌግራም ላክልኝ። ለእሷ ላሰማት ነው። አደራህን እንዳትስቅ፣ እንደ ድሮው አድርገው።

ደግሞ የአባትህ ሬዲዮ የት ገባ? ኮምቦልቻ እህትህ ጋ እንዳለ ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ ደውልላትና ንገራት፤ ሐረጎን ወርጄ እኔው አመጣዋለሁ። አራዳ አሮጌ ሬዲዮ የሚጠግን ሽማግሌ አለ። እጁ ወርቅ ነው። ድንጋዩን እኔ እገዛለሁ።

ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

የምትወደው ወንድምህ፣
ከደሴ