የዚህ ወር ምሽታችን ለፖልካ ሰዎች

ሰላም ውድ የቡድናችን አባላት፣

የዚህ ወር የሙዚቃ ማዳመጫ ምሽታችን የፖልካ፣ ማለትም ከመካከለኛው አውሮፓ የመጣው የጭፈራ ሙዚቃ ነው። ግር አይበላችሁ! የኃይሉ መርጊያን አኮርዲዮን የወደደ ሰው ለፖልካም ጆሮ አያጣም።

በዋናነት የምናነሳው አኮርዲዮን ተጫዋቹን ፍራንኪ ያንኮቪችን ነው። የስሎቬኒያ ስደተኞች ልጅ ሲሆን ያደገው በኦሃዮዋ ክሊቭላንድ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ እጆቹና እግሮቹ በብርድ ክፉኛ ተጎዱ። ሐኪሞች እንቁረጥ ቢሉት በጄ አላለም። ጣቶቹ እስኪፍታቱ ድረስ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ አኮርዲዮን ይነካካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ሚልዋኪ ላይ የፖልካ ንጉሥ ተባለ። በ1986 ደግሞ የመጀመሪያውን የፖልካ ግራሚ የሙዚቃ ሽልማት ወሰደ። ግራሚ ዘርፉን በ2009 ሰርዞታል፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ አጉል ውሳኔ ነው።

አዘጋጆቹንም አንርሳ። ቶኒ ፔትኮቭሼክ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ለአርባ ዓመት ያህል በክሊቭላንድ ሬዲዮ ፖልካ አሰምቷል። በየዓመቱ በአሜሪካኖቹ የምስጋና ቀን በዓል ሰሞንም ትልቅ የፖልካ ድግስ ያዘጋጅ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ባይኖር ባንዶቹ ማን ፊት ይጫወቱ ነበር?

የድሮ ሸክላ ያላችሁ ይዛችሁ ብቅ በሉ። ቡናው በእኛ ነው።